የቲንክፓድ ባዮስን ከማስነሻ ሲዲ አፕዴት ሲያደርጉ የሚያጋጥሙ ችግሮች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባዮስ ላፕቶፑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራውና ማዘርቦርዱ ላይ ባለ ቺፕ ውስጥ የሚቀመጠው ፕሮግራም ነው። ሌኖቮ ለቲንክፓድ ላፕቶፖች የባዮስ አፕዴት የሚያወጣው በሁለት መልክ ነው። አንዱ ዊንዶውስ ተከፍቶ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ሌላው ሲዲ ላይ በርን ተደርጎ ላፕቶፑ በቀጥታ ከሲዲው የሚነሳበት የአይኤስኦ ፋይል (የአንድ ሙሉ ሲዲ ምስል የያዘ ፋይል) ነው። ይህ ገጽ ስለ ሁለተኛው ነው፤ ዊንዶውስ ለሌላቸው፣ ሊኑክስ ለሚጠቀሙ ወይም ሃርድ ዲስኩ ለተበላሸ ማሽን የሚያገለግለው እሱ ነው። ምሳሌዎቻችንን በአብዛኛው የወሰድነው በ2012 ከወጡት ኤክስ230 እና ቲ430 ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር እናስይዝ። «አልሠራም አለኝ» ከሚባሉት ችግሮች አብዛኞቹ የሚደርሱት ገና ቺፑ ላይ ምንም ሳይጻፍ ነው። ሲዲው ባይነሳ፣ ፕሮግራሙ እምቢ ቢል፣ ስክሪኑ ላይ ጠቋሚው ብቻ ብልጭ ድርግም ቢል ላፕቶፑ አይጎዳም፤ አጥፍቶ እንደገና መሞከር ይቻላል። አደገኞቹ ጽሕፈቱ የሚካሄድባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው። ጥንቃቄዎን ሁሉ ለእነዚያ ደቂቃዎች ያስቀምጡ።

ለመሆኑ ባዮስ አፕዴት ማድረግ ያስፈልገኛል?

ምክንያት ካለዎት አዎ። ጥሩ ምክንያት የሚባሉት የደህንነት ክፍተት መድፈን፣ የማይታወቅ ሃርድዌር እንዲታወቅ ማድረግ፣ ወይም የአፕዴቱ ዝርዝር በግልጽ የሚጠቅሰው ብልሽት ናቸው። ለምሳሌ በ2018 መጀመሪያ ስፔክተር እና ሜልትዳውን የተባሉት የፕሮሰሰር ክፍተቶች ይፋ ሲሆኑ ሌኖቮ ለ2012 ማሽኖች ሳይቀር አዲስ ባዮስ አውጥቷል። «ላፕቶፔ ዘገምተኛ ሆነብኝ» ግን ምክንያት አይሆንም፤ ባዮስ አፕዴት ላፕቶፕን አያፈጥንም።

የትኛውን ፋይል ነው የማወርደው?

ስህተት በብዛት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ቲ430 እና ቲ430ኤስ ስማቸው ቢመሳሰልም ማዘርቦርዳቸውም ባዮሳቸውም የተለያየ ነው። ኤክስ230 እና ኤክስ230 ታብሌትም እንዲሁ። ስለዚህ በስም ብቻ አይሂዱ። ላፕቶፑን ገልብጠው ከሥር ባለው ስቲከር ላይ ባለ አራት አሃዙን የማሽን ዓይነት ቁጥር ያንብቡና (ለኤክስ230 ለምሳሌ 2325፣ ለቲ430 ለምሳሌ 2349) ሌኖቮ ድረ ገጽ ላይ በዚያ ቁጥር ይፈልጉ።

ሁለተኛው ማረጋገጫ የባዮሱ መለያ ነው። ላፕቶፑ ሲነሳ ኤፍ1 ተጭነው ሲገቡ የመጀመሪያው ገጽ የባዮሱን መለያና ቁጥር ያሳያል። የኤክስ230 በ«ጂ2ኢቲ» ይጀምራል፣ የቲ430 በ«ጂ1ኢቲ»፣ የቲ430ኤስ በ«ጂ7ኢቲ»፣ የኤክስ230 ታብሌት በ«ጂሲኢቲ»። የፋይሉ መግለጫ ላይ ያለው መለያ በእነዚያው አራት ፊደላት ካልጀመረ ፋይሉ የእርስዎ አይደለም።

እዚያው ገጽ ላይ የኢምቤዲድ ኮንትሮለሩ ቁጥርም አለ። ኪቦርዱን፣ ፋኑንና የባትሪውን ቻርጅ የሚቆጣጠረው ትንሹ ቺፕ የራሱ ፕሮግራም አለው፤ የሌኖቮ ሲዲ ሁለቱንም አብሮ ሊያድስ ይችላል። ሁለቱንም ቁጥሮች ከመጀመርዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሱ።

ከአይኤስኦው ጎን የሚገኘውን የጽሑፍ መግለጫ ሳያነቡ አይለፉ። በአንዳንድ ሞዴሎች ላይ ከጥንት ባዮስ ወደ መጨረሻው በአንድ ዝላይ መሄድ አይፈቀድም፤ መጀመሪያ የመካከለኛውን መጫን ግድ ይላል። የሚገልጸው ያ ጽሑፍ ነው።

ፋይሉ ሳይጎድል መውረዱን በምን አውቃለሁ?

ሌኖቮ ከፋይሉ ጋር ሻ-256 የተባለ 64 አሃዝና ፊደል ያለው መለያ ያወጣል። ዊንዶውስ ላይ በሰርትዩቲል ትዕዛዝ፣ ሊኑክስ ላይ ደግሞ በሻ256ሰም የራስዎን ፋይል መለያ አስልተው ያነጻጽሩ። የመጀመሪያዎቹንና የመጨረሻዎቹን ስድስት ስድስት ፊደላት ማየት ለተበላሸ ማውረድ ይበቃል። ኢንተርኔቱ በመሀል እየተቋረጠ የወረደ ፋይል ከሆነ ይህን ደረጃ በምንም ምክንያት አይዝለሉ።

ሲዲው ላይ የአይኤስኦ ፋይሉ ይታየኛል፤ ላፕቶፑ ግን አይነሳበትም።

ፋይሉን እንደ ዘፈን ወይም ፎቶ ሲዲው ላይ ገልብጠውታል ማለት ነው። መደረግ ያለበት ምስሉን በርን ማድረግ ነው። ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ ፋይሉን በቀኝ ጠቅ አድርገው «በርን ዲስክ ኢሜጅ» የሚለውን ይምረጡ፤ «ቬሪፋይ» የምትለዋን ሳጥንም ምልክት ያድርጉባት። ተራ 700 ሜጋባይት ሲዲ-አር ከበቂ በላይ ነው። የበርን ፍጥነቱን ዝቅ ያድርጉ፣ 8 ወይም 16 እጥፍ። ደጋግሞ የሚጻፍበትን ሲዲ-አርደብልዩ አሮጌ ድራይቮች በደንብ ስለማያነቡት ለዚህ ሥራ አንመርጠውም።

ላፕቶፔ ሲዲ ማንበቢያ የለውም። በዩኤስቢ የሚሰካውን ብጠቀም?

ይሠራል። ኤክስ220 እና ኤክስ230 ከመነሻውም ማንበቢያ የላቸውም። የሚቸገረው የኃይል እጥረት ሲኖር ነው። ዩኤስቢ 2 ሶኬት የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር፣ ዩኤስቢ 3 ደግሞ 900 ሚሊአምፔር ነው፤ ማንበቢያው ሲዲውን ማሽከርከር ሲጀምር ለአፍታ ከ500 በላይ ሊስብ ይችላል። ያኔ መብራቱ በርቶ ይጠፋል፣ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ቡቱ በመሀል ይቆማል። ከዩኤስቢ ማከፋፈያ ነቅለው ላፕቶፑ ላይ በቀጥታ ይሰኩት፤ በኤክስ230 በግራ በኩል ካሉት ዩኤስቢ 3 ሶኬቶች በአንዱ ይሞክሩት። ሁለት ራስ ያለው ገመድ ካለው ሁለቱንም ራሶች ይሰኩ።

አይኤስኦውን በሩፈስ (የማስነሻ ፍላሽ በሚያዘጋጀው የዊንዶውስ ፕሮግራም) ፍላሽ ላይ ጻፍኩት፤ አይነሳም። ፋይሉን ስከፍተውም ባዶ ነው። ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም። ከሁሉ በላይ ሰው ተስፋ የሚያስቆርጠው ይህ ስለሆነ ረዘም አድርገን እናስረዳው።

ፊኒክስ እና አይቢኤም በ1995 ኤል ቶሪቶ የተባለ ደንብ አውጥተው ነበር። ደንቡ ሲዲ ለባዮሱ ራሱን እንደ ፍሎፒ ወይም እንደ ሃርድ ዲስክ አድርጎ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። በእነዚህ ሞዴሎች የሌኖቮ አይኤስኦ ውስጥ የተደበቀው አንድ ሙሉ ትንሽ የሃርድ ዲስክ ምስል ነው፤ የማስነሻ ፕሮግራሙም፣ አዲሱ ባዮስም፣ የሚጽፈው ፕሮግራምም እዚያ ውስጥ ናቸው። የሲዲው ተራ የፋይል ዝርዝር ግን ባዶ ነው፤ ዊንዶውስ የሚያሳየው ያንን ባዶ ዝርዝር ብቻ ነው። ሩፈስ ፋይሎቹን ልገልብጥ ሲል የሚገለበጥ ነገር አያገኝም። አይኤስኦውን እንዳለ ባይት በባይት ፍላሽ ላይ ቢጽፉትም አይነሳም፤ ምክንያቱም ባዮሱ ፍላሽ ሲያነብ ማስነሻውን የሚፈልገው በመጀመሪያው ሴክተር ነው፣ እዚያ ደግሞ ምንም የለም።

መፍትሔው የተደበቀውን ምስል አውጥቶ እሱን ፍላሹ ላይ መጻፍ ነው። ኡቡንቱ ወይም ደቢያን ላይ ጀኒሶኢሜጅ የተባለውን ፓኬጅ ሲጭኑ ጌትኤልቶሪቶ የተባለ ትንሽ መሣሪያ አብሮ ይመጣል። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ላይ ከሆኑ በደብልዩኤስኤል (ሊኑክስን ዊንዶውስ ውስጥ በሚያስኬደው መሣሪያ) በኩል ኡቡንቱን ከፍተው ማግኘት ይችላሉ። ለመሣሪያው የአይኤስኦውን ስምና የሚወጣውን የምስል ፋይል ስም ይስጡት። ሲጨርስ የማስነሻው ዓይነት ሃርድ ዲስክ መሆኑን ይነግርዎታል፤ ያ መልእክት ከመጣ ሥራው ተሳክቷል።

የወጣውን ምስል ሊኑክስ ላይ በዲዲ ትዕዛዝ ይጻፉት፤ ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ሩፈስ ይህን ምስል ያለ ችግር ይጽፈዋል። በዲዲ ሲጽፉ ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ መድረሻው ፍላሹ በሙሉ እንጂ በውስጡ ያለው ክፍልፋይ መሆን የለበትም፤ ስሙ ኤስዲቢ ከሆነ ኤስዲቢ ይበሉ፣ ኤስዲቢ1 ካሉ አይነሳም። ሁለተኛ፣ ፍላሹ የትኛው እንደሆነ በመጠኑ ለይተው ያረጋግጡ። ስሙን ተሳስተው የሃርድ ዲስኩን ከሰጡት ዲዲ ሳይጠይቅ ጠርጎ ይጽፍበታል፤ ከባዮሱ አፕዴት ይልቅ ብዙ ፋይል የሚያጠፋው ይህ ስህተት ነው። ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋም ባዶ ፍላሽ ይጠቀሙ።

ከምን እንደሚነሳ ለመምረጥ ኤፍ12 ስጫን ሲዲው ወይም ፍላሹ ዝርዝሩ ላይ የለም።

ኤፍ1 ተጭነው ወደ ባዮስ ሴቲንግ ይግቡና እነዚህን በተራ ይመልከቱ። «ኮንፊግ» ውስጥ «ዩኤስቢ» ላይ «ዩኤስቢ ዩኢኤፍአይ ባዮስ ሰፖርት» የተከፈተ መሆን አለበት። «ስታርትአፕ» ውስጥ «ዩኢኤፍአይ/ሌጋሲ ቡት» የሚለውን (ዩኢኤፍአይ አዲሱ፣ ሌጋሲ የድሮው የማስነሻ መንገድ ነው) «ቦዝ» ላይ ያድርጉት፤ «ዩኢኤፍአይ ኦንሊ» ላይ ከተቀመጠ በድሮው መንገድ የሚነሱ ምስሎች አይታዩትም። እዚያው የቡት ዝርዝር ውስጥ ከታች ከቡት ቅደም ተከተል የተገለሉ መሣሪያዎች የሚቀመጡበት ክፍል አለ፤ የእርስዎ ማንበቢያ እዚያ ወርዶ ከሆነ ወደ ላይ ይመልሱት። «ሴኩሪቲ» ውስጥ ሴኪዩር ቡትን (ያልታወቀ ማስነሻ እንዳይነሳ የሚከለክለውን) ለጊዜው ይዝጉ። ሁሉንም በኤፍ10 አስቀምጠው ይውጡ።

የነበረውን ሴቲንግ ከመቀየርዎ በፊት ፎቶ ያንሱት። በዩኢኤፍአይ የተጫነ ዊንዶውስ «ሌጋሲ ኦንሊ» ላይ ከተተወ አይነሳም፤ ሰው ደግሞ ጥፋቱን ባዮስ አፕዴቱ ላይ ያደርጋል።

ፍላሹ ዝርዝሩ ላይ እየታየ ከተመረጠ በኋላ ጠቋሚው ብቻ ብልጭ ድርግም ካለ ምስሉ በትክክል አልተጻፈም ማለት ነው፤ ወደ ቀደመው ጥያቄ ይመለሱ።

ፕሮግራሙ ተነሳ፤ ግን ባትሪና ቻርጀር አገናኝ ብሎ እምቢ ይላል። ሁለቱም ተሰክተዋል።

ፕሮግራሙ ሁለቱንም የሚፈልገው አንዱ ቢቋረጥ ሌላው እንዲይዝ ነው። ባትሪው ቢሰካም ቻርጁ ዝቅተኛ ከሆነ፣ ወይም ላፕቶፑ ባትሪውን ካልተቀበለው «የለም» ብሎ ይቆጥረዋል።

ኤክስ230 እና ቲ430 ላይ የተለየ ችግር አለ። በእነዚህ ሞዴሎች ኢምቤዲድ ኮንትሮለሩ የባትሪውን ማንነት ይመረምራል፤ ኦሪጅናል ካልሆነ ሲነሳ ባትሪው እንደማይደገፍና ቻርጅ እንደማይደረግ የሚገልጽ መልእክት ያወጣል። ገበያ ላይ ያሉት ብዙ ርካሽ ባትሪዎች የሚወድቁት እዚህ ነው። መፍትሔው ለአንድ ሰዓት ያህል ተመሳሳይ ሞዴል ካለው ሰው ኦሪጅናል ባትሪ መዋስ ነው። ምርመራውን ለማታለል የሚረዱ ብልሃቶች ይወራሉ፤ አንመክርም። ያ ባትሪ የሚያስፈልገው አደገኛዎቹ ደቂቃዎች ላይ ነውና።

በመሀል መብራት ቢጠፋስ?

ባትሪው ደህና ከሆነ ምንም አይሆንም። ላፕቶፑ ወደ ባትሪ ይዞርና ጽሕፈቱን ይጨርሳል፤ እርስዎ ምንም አይንኩ። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ላፕቶፕ ከዴስክቶፕ የሚሻለው በዚህ ነው።

ነገር ግን «80 በመቶ» የሚል ቁጥርን አይመኑ። ያረጀ ባትሪ 80 በመቶ እያሳየ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ድንገት ይሞታል። ስለዚህ ከአፕዴቱ በፊት ቻርጀሩን ነቅለው ላፕቶፑ ለ15 ደቂቃ በባትሪ ብቻ እንዲሠራ ያድርጉ፤ ቪዲዮ ይክፈቱበት። ያንን በደህና ካለፈ መልሰው እስከ መጨረሻው ቻርጅ አድርገው ይጀምሩ። ካላለፈ መጀመሪያ ባትሪ ይቀይሩ።

አፕዴቱ በባዮስ ሴቲንግ ታግዷል፣ ወይም ወደ ድሮው ባዮስ መመለስ አይቻልም ይለኛል።

ሁለቱም ቁልፎች ያሉት «ሴኩሪቲ» ውስጥ «ዩኢኤፍአይ ባዮስ አፕዴት ኦፕሽን» በሚለው ሥር ነው። «ፍላሽ ባዮስ አፕዴቲንግ ባይ ኤንድ ዩዘርስ» ከተዘጋ የሱፐርቫይዘር ፓስወርድ (የባዮስ ሴቲንግን የሚቆልፈው) የሌለው ሰው አፕዴት ማድረግ አይችልም። «ሴኪዩር ሮልባክ ፕሪቨንሽን» ከተከፈተ ደግሞ ወደ ቀደመ ባዮስ መውረድ አይቻልም። መውረድ ካለብዎት ይዝጉት፤ ሲጨርሱ መልሰው ይክፈቱት። አንዳንድ አዲስ ባዮሶች ይህ ቢዘጋም ከተወሰነ ቁጥር በታች መውረድን ፈጽሞ ይከለክላሉ፤ የጽሑፍ መግለጫው ይህን ይጠቅሳል።

ከድርጅት የወጣ ያገለገለ ላፕቶፕ ከሆነና የሱፐርቫይዘር ፓስወርዱን የሚያውቅ ሰው ከሌለ ባዮስ አፕዴት ፓስወርዱን አያነሳልዎትም። የማዘርቦርዱን ትንሽ ባትሪ መንቀልም አያጠፋውም። የሌኖቮ ይፋዊ መልስ ማዘርቦርድ መቀየር ነው። ያገለገለ ቲንክፓድ ሲገዙ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ኤፍ1 ተጭነው ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ይሞክሩት፤ ፓስወርድ ከጠየቀዎት ሻጩ ያንሳው።

ዊንዶውሴ በቢትሎከር የተቆለፈ ነው። ችግር አለው?

አለው፣ ግን የሚቀድሙት ችግር ነው። ባዮስ ሲቀየር ቢትሎከር ማሽኑ እንደተነካ አድርጎ ስለሚቆጥረው 48 አሃዝ ያለውን የማስመለሻ ቁልፍ ይጠይቃል። ሲዲውን ከማስነሳትዎ በፊት ዊንዶውስ ውስጥ ቢትሎከርን «ሰስፔንድ» (ለጊዜው ማቆም) ያድርጉት፤ ዲስኩን መፍታት አያስፈልግም። ቁልፉንም ወረቀት ላይ ወይም ሌላ መሣሪያ ላይ አስቀምጡ፤ ማይክሮሶፍት አካውንት የተጠቀመ ሰው ቁልፉ አካውንቱ ውስጥ ተቀምጦ ሊያገኘው ይችላል። ሰስፔንድ ሳያደርጉ ጀምረው ቁልፉም ከሌለዎት ፋይሎችዎን የሚያወጣልዎት ጠጋኝ አይገኝም።

ጽሕፈቱ ሲጀመር ምን አያለሁ?

መጀመሪያ ላፕቶፑን ከዶኩ (ከሚቀመጥበት ማገናኛ) ያውጡት፤ ኤስዲ ካርድ፣ አይጥ፣ ፕሪንተር ሁሉ ይነቀል። የሚቀረው ቻርጀር፣ ባትሪና ማስነሻው ብቻ ነው።

ሲዲው ሲነሳ አጭር ዝርዝር ይመጣል፦ አንደኛው መጀመሪያ አንብብ፣ ሁለተኛው ሲስተም ፕሮግራሙን አፕዴት አድርግ፣ ሦስተኛው የሞዴል ቁጥር አስተካክል። የሚፈልጉት ሁለተኛው ነው። ሦስተኛውን አይንኩ፤ ማዘርቦርድ ለተቀየረለት ማሽን ነው። ከዚያ ዋይ ተጭነው እንዲያረጋግጡ፣ ቻርጀርና ባትሪው መገናኘታቸውንም እንዲያዩ ይጠይቃል።

ቀጥሎ ላፕቶፑ ራሱን ሊያጠፋና ሊያስነሳ ይችላል፣ ከአንድ ጊዜ በላይም ቢሆን። ፋኑ በሙሉ ኃይሉ ይጮኻል፣ ቢፕ የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ስክሪኑ ለተወሰነ ጊዜ ጥቁር ይሆናል። ኢምቤዲድ ኮንትሮለሩ በሚጻፍበት ሰዓት ኪቦርዱም መብራቱም ፋኑም ባለቤት የላቸውምና ይህ የሚጠበቅ ነው። ብዙ ሰው «ቀጥ አለ» ብሎ የኃይል ቁልፉን የሚጫነው እዚህ ላይ ነው፤ ላፕቶፑን የሚገድለውም ያ ጣት ነው። ክዳኑን አይዝጉ፣ ሲዲውን አያውጡ፣ ራሱ ጨርሻለሁ እስኪል ወይም ዊንዶውስ እስኪነሳ ይጠብቁ።

ቆሞ ቀረ። ላጥፋው?

የት ላይ እንደቆመ ይወስነዋል። ዝርዝሩ ከመምጣቱ በፊት ወይም ዝርዝሩ ላይ ከቆመ ያጥፉት፤ ምንም አልተጻፈም። ጽሕፈቱ ከጀመረ በኋላ የመቶኛ ቁጥሩ ባለበት ከቆመ ግን ቢያንስ 30 ደቂቃ ይታገሡ። ቺፑ የሚጻፍበት መንገድ አንዱን ክፍል አጥፍቶ በአዲስ መተካት ነው፤ ጠፍቶ ያልተተካ ክፍል ባለበት ሰዓት ኃይሉ ከተቋረጠ ላፕቶፑ የሚነሳበት ፕሮግራም ጎደሎ ይሆናል። ግማሽ ሰዓት አልፎ ምንም ለውጥ ከሌለ መብራቱንና ፋኑን ያስተውሉ፣ ከዚያ ሌላ ምርጫ ስለሌለ የኃይል ቁልፉን 10 ሰከንድ ይዘው ያጥፉት።

ከአፕዴት በኋላ መብራቱ ይበራል፣ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው።

ወዲያው ሞቷል አይበሉ። ቻርጀሩንና ባትሪውን ያውጡ፣ የኃይል ቁልፉን 30 ሰከንድ ተጭነው ይያዙ፣ ከዚያ ቻርጀሩን ብቻ ሰክተው ይሞክሩ። ካልተነሳ ራም አንድ ብቻ አስቀርተው፣ ቦታውንም እየቀያየሩ ይሞክሩ። ከዚያ የማዘርቦርዱን ትንሽ ባትሪ ለ10 ደቂቃ ነቅለው ይመልሱ። ከባዮስ ለውጥ በኋላ የመጀመሪያው ማስነሳት ራሙን እንደ አዲስ ስለሚለካ ከወትሮው ሊረዝም ይችላል፤ ለእያንዳንዱ ሙከራ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይስጡ።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ቺፑ ላይ በቀጥታ መጻፍ ይቀራል። ኤክስ230 ሁለት ባለ ስምንት እግር ቺፖች አሉት፤ ወደ ስክሪኑ የቀረበው 4 ሜጋባይት ሲሆን ባዮሱ ያለው እዚያ ነው፣ ሌላው 8 ሜጋባይት ነው። ኤክስ220 ያለው አንድ ባለ 8 ሜጋባይት ብቻ ነው። ጠጋኙ ቻርጀሩንም ባትሪውንም አውጥቶ በመቆንጠጫ ክሊፕ ቺፑን ይዞ፣ ሲኤች341ኤ በተባለው ርካሽ መጻፊያ ወይም በራዝበሪ ፓይ፣ ፍላሽሮም በተባለው ፕሮግራም ይጽፋል። ጥቁሯ ሲኤች341ኤ ቦርድ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ለቺፑ 3.3 ቮልት ብትሰጥም የመረጃ መስመሮቿ 5 ቮልት የሆኑ ብዙ አሉ። ካልተስተካከለች ራዝበሪ ፓይ ይሻላል።

ጠጋኝ ቤት ሲሄዱ ሁለት ነገር ይጠይቁ። መጀመሪያ ያለውን ይዘት ሁለት ጊዜ አንብበው ሁለቱ ንባቦች አንድ መሆናቸውን ያነጻጽራሉ ወይ? ካልተመሳሰሉ ክሊፑ በደንብ አልያዘም፤ በዚያ ሁኔታ የሚጻፈውም ይበላሻል። ሁለተኛ፣ ከሌላ ላፕቶፕ የተወሰደ ምስል እንዳለ ሊጭኑ ነው ወይ? ባለ 8 ሜጋባይቱ ቺፕ ውስጥ የኔትወርክ ካርዱ ማክ አድራሻ (መለያ ቁጥሩ) ስላለ የሌላ ማሽን ምስል ከተጻፈበት የራስዎ ይጠፋል። የድሮውን ይዘት በፋይል ይቀበሏቸው።

የኔ ዴል ወይም ኤችፒ ነው። እንዲህ ቢሆን ያው ነው?

የተሻለ ዕድል አለዎት። በብዙ የዴል ላፕቶፖች ቻርጀሩን ነቅለው ኮንትሮልና ኢስኬፕን ተጭነው ይዘው ቻርጀሩን ሲሰኩ የባዮስ ማስመለሻ ገጽ ይመጣል። በብዙ የኤችፒ ላፕቶፖች የዊንዶውስ ቁልፍንና የቢ ፊደልን ይዘው የኃይል ቁልፉን ለ2 ወይም 3 ሰከንድ ይጫኑ፤ ሁለቱን ቁልፎች ሳይለቁ ስክሪኑ እስኪመጣ ይጠብቁ፣ እስከ 40 ሰከንድ ጥቁር ሊሆን ይችላል።

አፕዴቱ በደህና አለቀ፤ ዊንዶውስ ግን አይነሳም።

አፕዴቱ ሴቲንጎቹን ወደ ፋብሪካው መልሷቸው ሊሆን ይችላል። ያነሱትን ፎቶ አውጥተው ያነጻጽሩ፦ «ዩኢኤፍአይ/ሌጋሲ ቡት»፣ ሴኪዩር ቡት፣ የቡት ቅደም ተከተል፣ «ኮንፊግ» ውስጥ የሳታ ሁነታ (ሃርድ ዲስኩ የሚገናኝበት መንገድ)። የሳታ ሁነታው ከኤኤችሲአይ ወደ ሌላ ከተቀየረ ዊንዶውስ በሰማያዊ ስክሪን ይቆማል፤ ሲመልሱት ይስተካከላል፣ ዊንዶውስ እንደገና መጫን አያስፈልግም። ቨርቹዋል ማሽን የሚጠቀሙ ሰዎች የቨርቹዋላይዜሽኑን ሴቲንግም ይመልከቱ። ሊኑክስ ላይ ደግሞ የቡት መዝገቡ ጠፍቶ ሊሆን ስለሚችል ከሊኑክስ ማስነሻ ፍላሽ ተነስተው ኢኤፍአይቡትኤምጂአር በተባለው ፕሮግራም ይመልሱት።

ሰዓቱ በየጊዜው ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ የማዘርቦርዱ ትንሽ ባትሪ አልቋል፤ ከአፕዴቱ ጋር ግንኙነት የለውም።

ሊኑክስ ላይ ነኝ፤ ከሲዲ ሌላ መንገድ የለም?

ሌኖቮ ከ2018 ጀምሮ ለአዳዲሶቹ ቲንክፓዶች ባዮስን በኤልቪኤፍኤስ (ለሊኑክስ የባዮስና መሰል አፕዴቶች ማከፋፈያ) በኩል ያቀርባል፤ ኤፍደብልዩዩፒዲ የተባለው ፕሮግራም ከዚያ አውርዶ በሚቀጥለው ማስነሳት ይጭነዋል። እንደ ቲ480 ባለ ማሽን ላይ መጀመሪያ ይህን ይሞክሩ። ለኤክስ230 እና ለቲ430 ግን ሲዲው ወይም ከሲዲው የወጣው ምስል ነው መንገዱ። የባትሪው፣ የቢትሎከሩና «አይንኩ» የሚለው ምክር ለሁለቱም እኩል ይሠራል።